ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በጅቡቲ መንገድ

በጅቡቲ ከተማ የምንኖር እኛ ከደጋው አገር ወደ ባሕር የሚወርዱትን ወገኖቻችንን ዘወትር እናያለን። አንዱ የከባድ መኪና ነጂ ነው፤ በወደቡ ጭነት ሲጠብቅ ስለ ቤቱ ይጨነቃል። ሌላው ባሕር ተሻግሮ እንጀራ ሊፈልግ የመጣ ወጣት ነው፤ ገንዘቡ ሲያልቅበት እርሱ ራሱ ዋጋ ያጣ ይመስለዋል። ስለዚህ በዚህችው ከተማ በክብርም በኀዘንም ያለፉትን የብላቴን ጌታ ኅሩይን ሕይወት ልንነግራችሁ ወደድን።

ኅሩይ በ1870 ዓ.ም. በሸዋ በመርሐቤቴ ተወለዱ። ከፍ ያደረጋቸው የመሳፍንት ዘር ሳይሆን የቤተ ክርስቲያን ትምህርትና ብዕር ነው። ከእኛ ማኅበር አልነበሩም፤ በአባቶቻቸው በኦርቶዶክስ ሃይማኖት ኖሩ። ቢሆንም ልጆችን ስለ ማሳደግ የሚያስብ ክርስቲያን ሁሉ ከእሳቸው የሚማረው አለው። በ1910 ዓ.ም. ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ። በ1915 ዓ.ም. ደግሞ የዮሐንስ ቡንያንን የመንገደኛ ታሪክ አብነት አድርገው ወዳጄ ልቤ የሚባለውን ጻፉ። ርእሱን ብቻ እንኳ ብናስተውለው ጥበብ አለበት፤ የሚጨነቅ ሰው ሌሊቱን ሁሉ ከልቡ ጋር ሲጣላ ያድራልና፥ ልብን ወዳጅ ማድረግ ቀላል ነገር አይደለም።

ምክራቸውም በወረቀት ብቻ አልቀረም። ልጆቻቸውን ወደ ውጭ አገር ትምህርት ቤት ላኩ፤ ፈቃደ ሥላሴ በካምብሪጅ፥ ሲራክ በኦክስፎርድ ተማሩ። አንዳንድ ወንድሞች ለነገ መዘጋጀትን ከእምነት ማነስ ይቆጥሩታል፤ እኛ ግን እንዲህ አናስብም። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 የከለከለው ጭንቀትን ነው እንጂ ዘር መዝራትን አይደለም።

784 ኪሎ ሜትር የሚሆነው የምድር ባቡር መንገድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ ጅቡቲ የኢትዮጵያ መልእክተኞች በር ሆነች። ኅሩይም በ1916 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ጋር ወደ ኢየሩሳሌምና ወደ አውሮፓ ሲሄዱ በዚህ አለፉ። በ1924 ዓ.ም. የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ከዚሁ ወደብ ወደ ጃፓን ተሳፈሩ፤ ያዩትንም ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን በተባለ መጽሐፍ ጻፉ።

ከዚያ ወዲያ አምስት ዓመት ሳይሞላ ሁሉ ተገለበጠ። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የማይጨው ጦርነት ሆነ፤ ጦራችንም ተሸነፈ። ሚያዝያ 24 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ በባቡር ሲወጡ ኅሩይ አብረው ነበሩ። በማግሥቱ ጅቡቲ ገቡ፤ ሚያዝያ 26 ቀንም እንተርፕራይዝ በተባለ የእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፈሩ። ወደቡ ያው የቀድሞው ወደብ ነው፤ ባሕሩም ያው ነው። ተሳፋሪው ግን አሁን ስደተኛ ነው፤ ቤቱንም፥ መጻሕፍቱንም፥ ልጆቹንም በኋላው ትቶ ይሄዳል።

ወገኖች ሆይ፥ በዚህ ቦታ ጥቂት እንቆይ። የሰው ዋጋ በሹመቱ ቢሆን ኖሮ የኅሩይ ዋጋ በዚያች ቀን በጅቡቲ ባሕር ዳር ባለቀ ነበር። አገሩን ጠላት የያዘበት ሚኒስትር ምን ይሾማል፥ ምንስ ይሽራል? በ1924 ዓ.ም. በክብር የተሳፈረውንና በ1928 ዓ.ም. በስደት የተሳፈረውን ሰው የፈጠረው አምላክ ግን አንድ ነው፤ ሚዛኑም በአራት ዓመት ውስጥ አልተለወጠም። ወደቡ ላይ ገንዘቡ ያለቀበት ወጣት ይህን ይስማልን።

መከራው በዚህ አላበቃም። በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር በስደት ሲኖሩ፥ በአገር ውስጥ ከአርበኞች ጋር የቀረው ፈቃደ ሥላሴ በ1929 ዓ.ም. በጠላት እጅ ተገደለ። ልጁን በጥበብ ያሳደገ አባት ልጁን ከሞት ሊያስጥለው አልቻለም። ጥበብ ከመከራ ሁሉ ታድናለች ብለን የምንሰብክ ብንሆን ይህን ታሪክ መናገር ባፈርን ነበር፤ መስቀሉን የምንሰብክ ግን እንዲህ ያለ ተስፋ ለማንም አልሰጠንም።

ኅሩይ መስከረም 9 ቀን 1931 ዓ.ም. በባዝ አረፉ። በቀብራቸው ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ስለ እሳቸው ተናገሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አዲስ አበባ የተመለሱት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው፤ ኅሩይ ያን ቀን አላዩም። ሲራክ ግን የአባቱን ብዕር አንሥቶ፥ የእንግሊዛዊውን የሳሙኤል ጆንሰንን የራሴላስን ታሪክ ወደ አማርኛ መለሰው።