ዴቪድ ዊለርና የኮምፒዩተር የመጀመሪያ ትእዛዞች

ማንኛውም ኮምፒዩተር ኤሌክትሪክ ተሰጥቶት በሚነሣበት ቅጽበት ባዶ ነው። ፕሮግራም ለማንበብ ራሱ ፕሮግራም ያስፈልገዋል፤ ያን የመጀመሪያ ፕሮግራም የሚያነብለት ግን ሌላ የለም። ይህን እንቆቅልሽ በተግባር ከፈቱት ሰዎች መካከል ምናልባት ከሁሉ ባጠረ መንገድ የፈቱት እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ዴቪድ ጆን ዊለር ናቸው። ዛሬ በአንድ ቺፕ ላይ ብዙ ኮሮች የያዙ ኮምፒዩተሮች በፍጥነትም በደኅንነትም እንዲነሡ የሚደክም ባለሙያ፣ የሚሄደው ዊለር በ1949 በጠረጉት መንገድ ላይ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ዊለር በበርሚንግሃም ከተማ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1927 ተወለዱ። ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝተው ካምብሪጅ በሚገኘው ትሪኒቲ ኮሌጅ ሒሳብ ካጠኑ በኋላ በ1948 ተመረቁ። በዚያ ወቅት በሞሪስ ዊልክስ የሚመራው የዩኒቨርሲቲው የሒሳብ ላቦራቶሪ ኤድሳክ የተባለውን ኮምፒዩተር በመሥራት ላይ ነበር። ኤድሳክ 3,000 ያህል ቫልቮች የነበሩት ማሽን ሲሆን ሜሞሪው በሜርኩሪ በተሞሉ ቱቦዎች ውስጥ በሚመላለስ የድምፅ ሞገድ የሚሠራ፣ መጀመሪያ ላይም ከ512 ቃላት በላይ የማይዝ ነበር። ሜይ 6 ቀን 1949 የቁጥሮችን ካሬ ሰንጠረዥ አስልቶ በማተም ሥራውን ጀመረ።

ለዚህ ማሽን መነሻ የሚሆኑትን ትእዛዞች የጻፉት ወጣቱ ዊለር ናቸው። ቁጥራቸው 31 ብቻ ነበር። የሚቀመጡትም በሜሞሪው ውስጥ ሳይሆን፣ በቴሌፎን ማዞሪያ ጣቢያዎች ይሠራባቸው በነበሩ ተሽከርካሪ መምረጫዎች ላይ በሽቦ ታስረው ነበር። የማስነሻው ቁልፍ ሲጫን ትእዛዞቹ ከሽቦው ወደ ሜሞሪው መጀመሪያ ይገለበጣሉ፤ ከዚያም ከተበሳው የወረቀት ጥብጣብ ላይ የተጠቃሚውን ፕሮግራም እያነበቡ በየቦታው ያስቀምጣሉ፤ ንባቡ ሲያልቅ ሥራውን ለተጠቃሚው ፕሮግራም አስረክበው ያበቃሉ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ በጥብጣቡ ላይ የሚጻፈው የዜሮና የአንድ ድርድር አለመሆኑ ነው። ተጠቃሚው ለመደመር የመደመርን ፊደል፣ ቀጥሎም አድራሻውን በተለመደው የአሥር ቤት ቁጥር ይጽፋል፤ ወደ ማሽኑ ቋንቋ የሚለውጡት እነዚያው 31 ትእዛዞች ናቸው። ጫኝም ተርጓሚም የሆነ ፕሮግራም በዚህ መጠን ለመጻፍ መቻሉ ዛሬም ያስደንቃል። የዊለር ዓላማ ማሽኑን ከጠላት መጠበቅ አልነበረም። ይሁን እንጂ በሽቦ የታሰረውን ማንኛውም ፕሮግራም ሊለውጠው አይችልም ነበር፤ መለወጥ የሚቻለው በሰው እጅ ብቻ ነው። የዘመናችን ደኅንነቱ የተጠበቀ አነሣስ የሚቆመው በዚሁ ሁኔታ ላይ ነው፤ ይኸውም ማንም ሊለውጠው በማይችል ትንሽ የመጀመሪያ ፕሮግራም ላይ።

በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ዊለር ሁለተኛውንና የተሻሻለውን ቅጂ አዘጋጁ። ይህኛው 41 ትእዛዞች ነበሩት፤ አስቀድመው የተጻፉ ንኡሳን ፕሮግራሞችንም በሜሞሪው በየትኛውም ቦታ ለማሳረፍ አስቻለ። አንድ ንኡስ ፕሮግራም ተጠርቶ ሥራውን ከፈጸመ በኋላ ወደ ጠራው ቦታ የሚመለስበትን ዘዴ የፈለሰፉትም እርሳቸው ሲሆኑ፣ ዘዴው በስማቸው ሲጠራ ይኖራል። በ1951 የዶክተርነት ማዕርግ ያገኙበት የጥናት ጽሑፍ በኮምፒዩተር ሳይንስ የመጀመሪያው እንደ ሆነ ብዙዎች ይቈጥሩታል። ከዊልክስና ከስታንሊ ጊል ጋር ስለ ፕሮግራም አዘገጃጀት የጻፉት መጽሐፍም የታተመው በዚሁ ዓመት ነው።

ከ1951 እስከ 1953 በአሜሪካ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ አስተምረው ወደ ካምብሪጅ ተመለሱ። በኋላም በሁለተኛው ኤድሳክ፣ በታይታን፣ እያንዳንዱ ፕሮግራም ከተፈቀደለት የሜሞሪ ክፍል ውጭ እንዳይነካ በማሽኑ አካል በሚከለክለው ካፕ፣ እንዲሁም ኮምፒዩተሮችን በሚያገናኘው የካምብሪጅ ቀለበት ሥራ ላይ ተሳትፈዋል። የብሪታንያ ሮያል ሶሳይቲ በ1981 በአባልነት መረጣቸው።

በ1994 መጨረሻ ዊለር ከቀድሞ ተማሪያቸው ከሮጀር ኒድሃም ጋር በቤልጂግ ሉቨን ከተማ አንድ የምስጠራ ስልት አቀረቡ። ስሙ ቲ.ኢ.ኤ. ይባላል። ባለ128 ቢት ቁልፍ ሲሆን፣ ሙሉ ፕሮግራሙ በጥቂት መስመሮች ይጻፋል። የኤድሳክን 31 ትእዛዞች የሚያውቅ ሰው የማን እጅ እንደ ሆነ ለመለየት አይቸገርም። በ1996 ጆን ኬልሲ፣ ብሩስ ሽናየርና ዴቪድ ዋግነር አንድ ጉድለት አሳዩ፤ ይኸውም እያንዳንዱ ቁልፍ ፍጹም አንድ ዓይነት ውጤት የሚሰጡ ሌሎች ሦስት ቁልፎች ያሉት መሆኑ ነው። ለምስጠራ ይህ ቀላል ኪሳራ ነው፤ 128 ቢቱ በተግባር 126 ሆነ ማለት ነው። ስልቱ የጽሑፍ አሻራ ለማውጣት ሲውል ግን ነገሩ ይለወጣል። የሚመረመረው ጽሑፍ በቁልፉ ቦታ ስለሚገባ፣ ለእያንዳንዱ ጽሑፍ አንድ ዓይነት አሻራ ያላቸው ሐሰተኛ ወንድሞች ይገኙለታል። ሊቃውንቱም ስልቱ ለአሻራ ሥራ እንደማይበቃ ገልጸው ነበር።

ማስጠንቀቂያውን ሁሉም አልሰማም። የማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ የተባለው የጨዋታ ማሽን የሚነሣው ተደብቆ ከተቀመጠ የ512 ባይት ፕሮግራም ነበር። የመጀመሪያው የጥበቃ ዘዴ ከተሰበረ በኋላ፣ በ2002 የወጣው ቅጂ ቀጣዩን ፕሮግራም በቲ.ኢ.ኤ. አሻራ እንዲመረምር ተደረገ። በ512 ባይት ውስጥ የሚበቃ ስልት ሲፈለግ የዊለርና የኒድሃም አጭር ስልት ማራኪ ነበር። ሰባሪዎቹም ሁለት ቢቶችን ገልብጠው የፕሮግራሙን መዝለያ ትእዛዝ ወደ ሌላ ቦታ አዞሩት፤ አሻራው ግን አልተለወጠም፤ ማሽኑም የእነርሱን ፕሮግራም እንደ እውነተኛው ተቀብሎ ተነሣ። ጥፋቱ የስልቱ ደራሲዎች አይደለም። እጥረቱ ከእነርሱ ተወሰደ፤ የተሠራበት ዓላማ ግን ተዘነጋ።

በባለብዙ ኮር ማሽኖች ዘንድ ፈተናው መልኩን ለውጧል። ማሽኑ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ኮር ብቻ ይነቃል፤ ሌሎቹ እስኪጠሩ ይጠብቃሉ። ይህ ብቸኛ ኮር የሚጫነውን ሁሉ በተራ ሲመረምር ተጠቃሚው ይጠብቃል። እንደ ሻ-256 ያሉት አስተማማኝ የአሻራ ስልቶች ደግሞ እያንዳንዱን የ64 ባይት ክፍል ከቀደመው ውጤት ጋር ስለሚያያይዙ፣ የአንድ ፋይልን ስሌት ለብዙ ኮሮች ማከፋፈል አይቻልም። መፍትሔው ስልቱን ማሳነስ ሳይሆን ሥራውን መከፋፈል ነው። ፋይሉ ይቈራረጣል፤ እያንዳንዱ ኮር የየድርሻውን አሻራ ያወጣል፤ አሻራዎቹም ራልፍ መርክል በ1979 ባሳዩት ዛፍ መሰል አሠራር ወደ አንድ ሥር ይሰበሰባሉ፤ ፊርማ የሚያስፈልገውም ለሥሩ ብቻ ነው። ከ2013 ወዲህ በአንድሮይድ ስልኮች የገባው ዘዴ ከዚህም አልፎ፣ እያንዳንዱን የ4,096 ባይት ክፍል ማሽኑ ሲነሣ ሳይሆን በሚነበብበት ጊዜ ይመረምራል። በዚህ ሁሉ አንድ ነገር አይፈቀድም፤ አንድ ኮር ሌላው መርምሮ ያልጨረሰውን ትእዛዝ ቀድሞ መፈጸም የለበትም። ለጥቂት ሚሊሴኮንድ ሲባል ይህን ቅደም ተከተል የሚያላላ ንድፍ ቢፈጥንም ዋጋ የለውም።

ኒድሃምና ዊለር ለቲ.ኢ.ኤ. ቁልፍ ጉድለት እርማት ያወጡት በ1997 ነበር፤ በዚያን ጊዜ ዊለር ጡረታ ከወጡ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ጽሑፍ በይበልጥ እንዲታመቅ ፊደላቱን መልሶ የሚያደራጀውን ስልት፣ በ1983 በቤል ላቦራቶሪ አስበውት የቆዩትን፣ ከማይክል በሮውስ ጋር ያሳተሙትም በ1994 ነው። ስልቱ ጽሑፉን ራሳቸውን በቻሉ ክፍሎች ስለሚከፍል፣ ዛሬ ብዙ ኮሮች ተካፍለው ይሠሩበታል። ዊለር ከጡረታ በኋላም ወደ ላቦራቶሪው መምጣታቸውን አላቋረጡም። ካስተማሯቸው መካከል የሲ ፕላስ ፕላስ ቋንቋ ፈጣሪ ቢያርን ስትሮስትሩፕ ይገኙበታል። ዴቪድ ዊለር በ77 ዓመታቸው ዲሴምበር 13 ቀን 2004 በካምብሪጅ ዐረፉ።