የባልቴቷን ምክር በቁስል ላይ የፈተነው ወጌሻ

አምብሯዝ ፓሬ እ.ኤ.አ በ1510 ገደማ በፈረንሳይ፣ ላቫል ከተማ አቅራቢያ ተወለደ። በዚያ ዘመን ቁስል ማከም ለጸጉር አስተካካዮች የተተወ ሙያ ነበር። ፓሬም ሙያውን በፓሪሱ ኦቴል ዲዩ ሆስፒታል አዳብሮ የጦር ሠራዊት ወጌሻ ኾነ።

ያን ጊዜ ባሩድ ቁስልን ይመርዛል ተብሎ ይታመን ስለነበር በጠመንጃ የቆሰለ ሰው ቁስሉ ላይ የፈላ ዘይት ይፈስስበት ነበር። እ.ኤ.አ በ1537 ገደማ፣ በጣሊያኗ ቱሪን አካባቢ በተደረገ ዘመቻ ፓሬ ዘይቱ አለቀበት። በምትኩ የእንቁላል አስኳል፣ የጽጌረዳ ዘይትና ከዛፍ ሙጫ የሚገኝ ተርፐንታይን ቀላቅሎ ቀባ። ቁስለኞቹ ተመርዘው ይሞቱብኛል ብሎ በመስጋት እንቅልፍ አጥቶ አደረ። ማልዶ ሲያያቸው ግን ቅባት የተቀቡት ሕመማቸው ቀልሎ አገኛቸው። በዘይት የተቃጠሉት በትኩሳትና በእብጠት ይሰቃዩ ነበር። ከዚያ በኋላ የፈላ ዘይትን ተወ።

በዚያው ዘመቻ አንድ የወጥ ቤት አገልጋይ በጋለ ዘይት ተቃጠለ። ፓሬ መድኃኒት ፍለጋ ወደ ቀማሚ ቤት ሲሄድ አንዲት የገጠር ባልቴት ጥሬ ሽንኩርት በጨው ወቅጦ እንዲያደርግበት መከረችው። ምክሯን አልናቀም፤ ሳያጣራም አልተቀበለም። በማግስቱ ሽንኩርት ያረፈበት ቆዳ ውኃ አልቋጠረም፤ ያላረፈበት ግን ቋጥሮ ነበር።

ፓሬ በዚህ አልረካም። ባሩድ ፊቱን ያቃጠለውን አንድ ጀርመናዊ ወታደር ሲያክም በፊቱ እኩሌታ ሽንኩርት፣ በሌላው እኩሌታ የተለመደውን መድኃኒት አደረገ። ሰውዬው አንድ፣ ቃጠሎውም አንድ በመኾኑ ልዩነቱ ከመድኃኒቱ ነው ለማለት አስቻለው። ሽንኩርት ያረፈበት ወገን የተሻለ ኾኖ ታየ።

እ.ኤ.አ በ1545 ስለ ጠመንጃ ቁስል የጻፈውን መጽሐፍ ያሳተመው በምሁራኑ ላቲን ሳይኾን በሀገሩ ሕዝብ ቋንቋ በፈረንሳይኛ ነው። እጅና እግር በሚቆረጥበት ጊዜም በጋለ ብረት ከመተኮስ ይልቅ የደም ሥርን በክር ማሰርን አስፋፋ። አራት ነገሥታትን አገልግሎ እ.ኤ.አ በ1590 በፓሪስ ዐረፈ።

የሁለት ሰዎች ውጤት ብቻውን መድኃኒት አያሰኝም። ዛሬ የዕጽዋት ጭማቂ ለቁስል ከመዋሉ በፊት መጠኑና መርዛማነቱ ይለካል፤ በቤተ ሙከራና በእንስሳት ላይ ተሞክሮ፣ በመጨረሻ በብዙ ሰዎች ላይ ይነጻጸራል። ስለዚህ የተቃጠለ ሰው ሲያጋጥም ሽንኩርትም ኾነ ሌላ ቅጠል ሳይደረግበት ቃጠሎውን በንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ አብርዶ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ይገባል። ከፓሬ ሕይወት የሚወረሰው ሽንኩርቱ ሳይኾን የማነጻጸር ልማዱ ነው። በየጓሯችን ያለው የአባቶችና የእናቶች ዕውቀትም የሚጠብቀው እንዲህ ያለውን አክባሪ ፈታኝ ነው።