አቡነ ኢየሱስ ሞአ፦ የሐይቅ መጻሕፍት፣ የአምባሰል መሬትና የሢሶው ትረካ

ስለ ኢትዮጵያ የመሬት ሥሪት የሚጽፉ ተመራማሪዎች ደጋግመው ከሚያነሷቸው ትረካዎች አንዱ፣ የአገሪቱ መሬት በ13ኛው ምዕተ ዓመት ለንጉሥ፣ ለቤተ ክርስቲያንና ለአራሽ በሢሶ በሢሶ ተከፈለ የሚለው ነው። ትረካው ይኩኖ አምላክን ወደ ዙፋን ካወጣው የሥልጣን ለውጥ ጋር የተሳሰረ ሲሆን፣ ለለውጡ አማላጅ ሆኑ ከሚባሉት አባቶች መካከል የሐይቅ እስጢፋኖሱ አቡነ ኢየሱስ ሞአ ይገኙበታል። የእኚህን አባት ሕይወት ከትረካው ለይቶ ለሚመረምር ግን ከመሬት ይልቅ ሌላ ዓይነት ሀብት ጎልቶ ይታያል። ይህ ልዩነት የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የሕዝብ ሀብት እንዴት እንደሚከማች፣ ወጪውን ማን እንደሚሸከምና የይዞታ መብት በምን ማስረጃ እንደሚጸና የሚመለከት የኢኮኖሚ ታሪክ ጥያቄም ነው።

አቡነ ኢየሱስ ሞአ የተወለዱት ዳኅና በተባለው አገር ነው። ገድላቸው እንደሚተርከው ሠላሳ ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ወደ ትግራይ ተሻግረው፣ በገመድ ብቻ ወደሚወጣበት የደብረ ዳሞ ገዳም ገቡ። በዚያ በአባ ዮሐኒ ሥር ለሰባት ዓመት ያህል ሲኖሩ ከጸሎትና ከጉልበት ሥራ ጋር የመጻሕፍት መገልበጥን ሙያ ተማሩ። ኋላ ለሐይቅ የዋለው ትልቁ ስንቅ ይኸው የእጅ ሙያ ነበር ማለት ይቻላል።

ወደ ሐይቅ የመጡት በ1248 ገደማ እንደሆነ ይገመታል (ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር ዘመናቱ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)። ሐይቁ ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ዛሬ ተሁለደሬ በሚባለው ወረዳ ውስጥ፣ ከአምባሰል ተራሮች ግርጌ ይገኛል። ገዳሙ አሁን በየብስ የሚደረስበት ልሳነ ምድር ቢሆንም በዚያ ዘመን ደሴት ነበር፤ በ1520ዎቹ አገሩን ያየው ፖርቱጋላዊው ካህን ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም ወደ ገዳሙ በደንገል ታንኳ ይገባ እንደነበር ጽፏል። ሥፍራው ከትግራይና ከላስታ ወደ ሸዋ በሚወስደው መንገድ አጠገብ ሲሆን፣ በስተ ምሥራቅ ወደ አፋር ቆላ የሚወርደው ቁልቁለት ቅርብ ነው። አልቫሬዝ የጨው አሞሌ እንደ ገንዘብ ሲያገለግል አይቷል፤ ጨው ከቆላ ወደ ደጋ ሲወጣ እንዲህ ያሉትን የጠረፍ አገሮች ማለፉ አይቀርም። ስለዚህ ሐይቅ ለጸሎት የተከለለ ደሴት ይሁን እንጂ ከአገሩ እንቅስቃሴ የተገለለ አልነበረም።

በደሴቱ ላይ አስቀድሞ በእስጢፋኖስ ስም የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ነበረ። አቡነ ኢየሱስ ሞአ ይህን ቤተ ክርስቲያን በሥርዓት ወደሚመራ ገዳምና ወደ ትምህርት ቤት ለወጡት። ከሥራቸው ሁሉ እስከ ዛሬ በእጅ የሚዳሰሰው በ1280/81 የተጻፈው አራቱ ወንጌል ነው። መጽሐፉን ለሐይቅ እስጢፋኖስ የሰጡት እሳቸው መሆናቸውን የሚገልጽ ማስታወሻና የራሳቸውን ሥዕል የያዘ ሲሆን፣ የተጻፈበት ዘመን በውስጡ ከተመዘገበላቸው ሥዕላውያን የኢትዮጵያ ብራናዎች መካከል ከቀዳሚዎቹ ይቆጠራል። በኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ስብስብ ውስጥ ቁጥሩ 1832 ነው።

የዚህን መጽሐፍ ዋጋ በዘመኑ መለኪያ ማሰብ ይገባል። ብራና የሚገኘው ከፍየል ወይም ከበግ ቆዳ ነው፤ ቆዳው ይነከራል፣ በእንጨት ላይ ይወጠራል፣ ይፋቃል፣ ይደርቃል። አንድ ትልቅ ወንጌል የበርካታ ደርዘን እንስሳት ቆዳና የብዙ ወራት የጸሐፊ ጉልበት ይጠይቃል። በሌላ አነጋገር፣ አንድ መጽሐፍ አንድ መንጋ ነው። መጻሕፍትን የሚሰበስብ ገዳም የአካባቢውን የከብት ሀብት ክፍል ወደማይበላና ወደማይሞት ንብረት ይለውጣል። ከሁሉ በላይ ግን መጽሐፍ የሚገለበጥ ንብረት ነው፤ ተማሪው የመምህሩን ወንጌል ገልብጦ ሲሄድ የመምህሩ ድርሻ አይጎድልም። መሬት ይህ ጠባይ የለውም። ለአንዱ ሲሰጥ ከሌላው ይወሰዳል።

የሐይቅ ትምህርት ቤት የተስፋፋውም በዚሁ መንገድ ነው። ኋላ በሸዋ ደብረ አስቦን፣ ማለትም ደብረ ሊባኖስን የመሠረቱት አቡነ ተክለ ሃይማኖት በሐይቅ ለዓመታት ተምረዋል። በጣና የዳጋ እስጢፋኖስን ገዳም የመሠረቱት አባ ኂሩተ አምላክም በትውፊት የሐይቅ ልጅ ናቸው። ከአቡነ ኢየሱስ ሞአ ዕረፍት ከረጅም ጊዜ በኋላ ደግሞ አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ ከዚሁ ደሴት ተምረው ወጡ። ማንበብና መጻፍ የጥቂቶች ሙያ በነበረበት ዘመን ከአንድ ደሴት ይህን ያህል መሥራች ማፍራት የዛሬ ተመራማሪዎች የሰው ኃይል ልማት የሚሉት ነገር ሁነኛ ምሳሌ ነው። ወጪውም ቢሆን ከሰማይ አልወረደም። በኋለኛው ዘመን በሚታወቀው ሥርዓት የቆሎ ተማሪ የሚያድረው በመንደርተኛው ቁራሽ ነው፤ የትምህርቱ ድጎማ ከየቤቱ ሞሰብ ይወጣ ነበር።

ወደ ሢሶው ትረካ እንመለስ። ይኩኖ አምላክ የዛጉዌን ነገሥታት አሸንፎ በ1270 ነገሠ። የሐይቅ ትውፊት ንጉሡ በልጅነቱ በደሴቱ እንደ ተማረና አቡነ ኢየሱስ ሞአም መንግሥትን እንደ ተነበዩለት ይናገራል፤ የደብረ ሊባኖስ ትውፊት ደግሞ ይህንኑ ሚና ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት ይሰጣል፤ ሢሶውም በብዛት የሚነገረው በእሳቸው ስም ነው። የታሪክ ምሁሩ ታደሰ ታምራት በ1972 ባሳተሙት ስለ ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት በሚያትተው መጽሐፋቸው፣ ለይኩኖ አምላክ ቅርብ ሆነው የሚገኙት የሐይቁ አባት እንደሆኑና የተክለ ሃይማኖት ትረካ ደብረ ሊባኖስ በገነነበት ዘመን እንደ ጎለመሰ አስረድተዋል። የይኩኖ አምላክ መንግሥት የአገር ውስጥ ገዳማትን ድጋፍ የፈለገበት ምክንያትም ግልጽ ነው። ንጉሡ ጳጳስ እንዲላክለት ለግብፁ ሱልጣን ለበይበርስ ጽፎ የልቡ ሳይደርስለት ቀርቷል።

ድጋፉ ተሰጥቶ ምስጋናውም ተከፍሎ ይሆናል። የአገሩን መሬት ሢሶ የሚያህል ክፍያ ተፈጸመ ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ቃል ኪዳኑ የሚነገረው በኋላ ዘመን በተጻፉ ትረካዎች ሲሆን፣ ከሁሉ የሚጠነክረው ተቃራኒ ማስረጃ የነገሥታቱ የራሳቸው አሠራር ነው። ቤተ ክርስቲያን ከ1270 ጀምሮ ሢሶውን ይዛ ቢሆን ኖሮ ከዚያ በኋላ የነገሡት ሁሉ ለየገዳሙ አገር በአገር፣ ቀበሌ በቀበሌ ጉልት መስጠት ባላስፈለጋቸው። ስጦታዎቹም በወንጌል ኅዳግ ይመዘገቡ ነበር፤ ዓምደ ጽዮን በ1316/17 ያደረገውን ዘመቻ የሚጠቅሰው ማስታወሻ የተገኘው በሐይቅ ወንጌል ውስጥ ነው። በዚህ ዓይን ሲታይ የአቡነ ኢየሱስ ሞአ መጽሐፍ የጸሎት መጽሐፍ ብቻ ሳይሆን የይዞታ መዝገብም ሆኗል፤ ማንም የማይደፍረው መዝገብ።

ለአምባሰል አራሽ ቤተሰብ የዚህ ሁሉ ትርጉም ምን ነበር? ጉልት አፈሩን መስጠት አይደለም። ርስቱ በዘር ሐረግ የአራሹ ሆኖ ይቀጥላል፤ የሚለወጠው ግብሩን የሚቀበለው ነው። ይህ ለገባሩ ቀላል ለውጥ ላይሆን ይችላል። የንጉሥ ሹም ይሻራል፣ ይዛወራል፤ ነገ እንደሚሄድ የሚያውቅ ሹም ደግሞ ዛሬ አብዝቶ ይወስዳል። ገዳም ግን አይዛወርም፤ የገባሩ ከብትና ዘር ቢጠፋ የሚቀጥለው ዓመት ገቢው አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ቋሚው ጉልተኛ የተሻለ የመታገሥ ምክንያት አለው። በሌላ በኩል ቋሚነቱ ራሱ ሸክም ነው፤ ከተሻሪ ሹም የሚገላግል ጊዜ ቢኖርም ከማይሻር ጉልተኛ የሚገላግል የለም። ሢሶውን እንደ ፍትሐዊ ክፍፍል የሚያወሱ ጽሑፎች ይህን የቤተሰብ ወገን ዘንግተውታል።

አቡነ ኢየሱስ ሞአ 45 ዓመት ያህል በሐይቅ ኖረው በ1292 ገደማ ዐረፉ፤ በዓላቸው ኅዳር 26 ቀን ይከበራል። ተከታዮቻቸው ዐቃቤ ሰዓት በሚል ማዕረግ በቤተ መንግሥት ከፍ ያለ ሥልጣን ያዙ፤ በዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበሩት ዐቃቤ ሰዓት ዐምኃ ጽዮን ወደ ንጉሡ ከሚቀርቡት እጅግ ጥቂት ሰዎች አንዱ ነበሩ። የገዳሙ ወርቅና ብርም የበዛው በእነዚህ ምዕተ ዓመታት ነው። በ1530ዎቹ መጀመሪያ የኢማም አሕመድ ጦር ሐይቁ ዳር ሲደርስ መነኮሳቱ ሀብታቸውን አስረክበው ቤተ ክርስቲያናቸውን አተረፉ፤ ይህን የሚተርከው የኢማሙ ታሪክ ጸሐፊ ዓረብ ፈቂህ ነው። ወርቁ በዚያው ሄደ፤ የ1280/81ዱ ወንጌል ግን ተረፈ።

ጉልቱ ከወርቁ ይልቅ ረጅም ዕድሜ ነበረው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ የአድባራትና የገዳማት ይዞታም በዚያው ተጠቃለለ። ከዚያ በኋላ በአምባሰልም ሆነ በሐይቅ ዙሪያ መሬት የማደላደሉ ሥራ የገበሬ ማኅበራት ሆነ።