ሮዝ ማሊያውና አሰልጣኝ ኬይ ያው

በፌብሩዋሪ ወር የአሜሪካ ኮሌጆችን የሴቶች ቅርጫት ኳስ የሚከታተል ሰው፣ ቡድኖቹ የራሳቸውን ቀለም ትተው ሮዝ ለብሰው ሜዳ ሲገቡ ይገርመው ይሆናል። ለማማር አይደለም። ነገሩ የሚያያዘው ከአንዲት አሰልጣኝ ጋር ነው።

ኬይ ያው በ1942 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ጊብሰንቪል በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለዱ። ሥራ የጀመሩት በእንግሊዝኛ መምህርነት ነው፤ የሴቶቹን ቡድን ማሠልጠን ከማስተማሩ ጋር ተደርቦ የተሰጣቸው ሥራ ነበር። በዚያው ቀሩ። በ1975 ኖርዝ ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ገቡና ሌላ ቡድን ሳያምራቸው 34 ዓመት ቆዩ። በአሠልጣኝነት ዘመናቸው ከ700 በላይ ጨዋታ አሸንፈዋል።

በ1987 የጡት ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ። በዓመቱ የአሜሪካን ብሔራዊ ቡድን ይዘው ሴኡል ኦሎምፒክ ሄዱና ወርቅ ይዘው ተመለሱ። እኔን ግን ከወርቁ ይልቅ የሚገርመኝ በሽታውን አለመደበቃቸው ነው። የኛ የሐዘን መግለጫ ባደረባቸው ሕመም ብሎ ያልፋል፤ ምን ሕመም እንደሆነ ልጆች እንኳ የማያውቁበት ቤት ስንት ነው! እሳቸው በሽታውን በስሙ ይጠሩት ነበር፤ በኋላም ኬሞቴራፒ እየወሰዱ፣ ሰው ሁሉ እያያቸው አሠልጥነዋል።

በሽታው አገርሽቶ በ2006 መጨረሻ 16 ጨዋታ አስቀራቸው። በጃንዋሪ 2007 ተመለሱ። በዚያ ሰሞን ተጫዋቾቻቸው በሮዝ የጫማ ማሰሪያ ይጫወቱ ነበር። ሜዳው በስማቸው በተሰየመበት ዕለት ባላንጣቸውን የቻፕል ሂሉን ቡድን ረቱ፤ ማርች ላይ ደግሞ እስከዚያ ድረስ ማንም ያላሸነፈውን ዱክን ጣሉ። የታመመችው አሰልጣኝ ቡድን ነው እንግዲህ!

የአሰልጣኞቹ ማኅበር ሮዝ የመልበሱን ዘመቻ የጀመረው በዚያው ዓመት ነው። በስማቸው የሚጠራው የካንሰር ፈንድም የተቋቋመው በ2007 ነው። ፈንዱ አብሮ የሚሠራው በጂም ቫልቫኖ ስም ከቆመው ፋውንዴሽን ጋር ሲሆን፣ ቫልቫኖ የዚሁ ዩኒቨርሲቲ የወንዶች ቡድን አሰልጣኝ የነበሩና በ1993 በካንሰር የሞቱ ሰው ናቸው። ሮዝ ዛሬ የንግድ ቀለም ሆኗል የሚሉ አሉ፤ በብዙ ዕቃ ላይ እውነታቸውን ነው። እዚህ ግን የሚሰበሰበው ገንዘብ ለካንሰር ምርምር ይውላል።

ኬይ ያው ጃንዋሪ 24 ቀን 2009 በ66 ዓመታቸው አረፉ። ከመሞታቸው በፊት ቪዲዮ ቀርጸው ስለነበር፣ በቀብራቸው ሥነ ሥርዓት ላይ ለቀስተኛውን ያነጋገሩት ራሳቸው ናቸው።