የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ

አክስቴ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ከቤይሩት ስትመለስ ዐረብኛን እንደ ውሃ ትናገር ነበር። ይሁን እንጂ አንዲት የዐረብኛ ፊደል ለይታ አታውቅም። ቋንቋውን የተማረችው ከወጥ ቤት፣ ከሕፃናትና ከቴሌቪዥን እንጂ ከመምህር አይደለምና፣ ስለ ሽንኩርት፣ ስለ ልብስ መተኮስና ስለ ልጅ ትኩሳት ቢጠይቋት መልሷ ወዲያው ነው፤ ጋዜጣ ቢሰጧት ግን ገልብጣ ትይዘዋለች። እኔ በበኩሌ እንግሊዝኛን አሥራ ሁለት ዓመት በክፍል ተምሬ፣ ካዛንቺስ ላይ አንድ የውጭ አገር ሰው ወደ ኢትዮጵያ ሆቴል የሚወስደውን መንገድ ቢጠይቀኝ አንደበቴ ተሳሰረና በእጄ ጠቁሜ አለፍኩ። ከሁለታችን ማንኛችን ቋንቋ እንደምናውቅ በቤታችን ክርክር ተነሥቶ ነበር። ክርክሩን ለታሪክ መምህራችን ባጫውታቸው፣ ፍርድ ከመስጠት ይልቅ ስለ አባ ጎርጎርዮስ እንዳነብ አዘዙኝ። ያነበብኩትን እነሆ ለእናንተ አቀርባለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲረዳልኝ አስቀድሜ እለምናለሁ።

አባ ጎርጎርዮስ የተወለዱት በ1595 ገደማ ሲሆን፣ አገራቸው በጥንቱ የአማራ ግዛት፣ ዛሬ ወሎ በምንለው ምድር የሚገኘው መካነ ሥላሴ ነው። መካነ ሥላሴ ዐፄ ናዖድ ጀምረውት ልጃቸው ዐፄ ልብነ ድንግል የፈጸሙት፣ በወርቅ ጌጡ የታወቀ ቤተ ክርስቲያን የነበረበት ቦታ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በ1531 በኢማም አሕመድ ዘመቻ ጊዜ ተቃጠለ። እንግዲህ አባ ጎርጎርዮስ ያደጉት የቀድሞው ክብር በሽማግሌዎች አፍ ብቻ በቀረበት አገር ነው ለማለት ይቻላል። ወገናቸው ከመኳንንት ነበር። አፋቸውን የፈቱት በአማርኛ ነው፤ የተማሩት ደግሞ በግዕዝ ነው።

ሦስተኛው ቋንቋቸው ፖርቱጊዝኛ ነበር። ይህን ለመማር ግን ባሕር መሻገር አላስፈለጋቸውም። በዚያን ዘመን ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ መምህራን በቤተ መንግሥት ተሰሚነት ነበራቸው፤ ዐፄ ሱስንዮስም ሃይማኖታቸውን ተቀብለው በ1626 በአደባባይ ለሮማ ታዘዙ። አባ ጎርጎርዮስም ወደ እነዚህ መምህራን ከተጠጉት ካህናት አንዱ ነበሩ። በአገር ውስጥ የተከተለው ደም መፋሰስ ለሁላችሁም በታሪክ ትምህርት የታወቀ ስለሆነ አልደግመውም። በ1632 ዐፄ ፋሲል ነገሡ፤ የቀደመው ሃይማኖት ተመለሰ፤ ኢየሱሳውያንም ተባረሩ። ከእነሱ ጋር የዋለ ኢትዮጵያዊ ደግሞ በአገሩ መኖር የማይሆንለት ሆነ።

እዚህ ላይ አንዳንድ ጓደኞቼ አባ ጎርጎርዮስን እንደ ከሓዲ ቆጥረው እንዲህ ያለውን ሰው በመጽሔታችን ማንሣት ይገባል ወይ ብለው ጠይቀውኛል። እኔ የሃይማኖት ክርክር ውስጥ ለመግባት ዕውቀቱም ፈቃዱም የለኝም። የሚያሳዝነኝ ነገር ሌላ ነው። አንድ ሰው በጎልማሳነቱ ከአገሩ ወጥቶ የተማረውን ቋንቋ ሁሉ የተማረው ለመመለስ እያሰበ መሆኑ ነው።

ከዚህ በኋላ አባ ጎርጎርዮስን የምናገኛቸው በሮማ ከተማ ነው። ከታላቁ የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተኋላ ቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ የሚባል ቤተ ክርስቲያንና ማረፊያ አለ። ከአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ወደ ሮማ የሚመጡ ኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ተሳላሚዎች የሚያርፉት በዚያ ነበር። ተስፋ ጽዮን የተባሉት መነኩሴ የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን በ1548 እና በ1549 ያሳተሙት በዚያው ተቀምጠው ነው። ቤቱ ስደተኛ ከስደተኛ የሚገናኝበትና የአገር ወሬ የሚጠየቅበት ስፍራ እንደ ነበር አያጠራጥርም። አባ ጎርጎርዮስም በዚያ ኢጣልያንኛ ተናጋሪ ሆኑ፤ ከላቲንም የተወሰነ አገኙ።

በ1649 ኢዮብ ሉዶልፍ የሚባል የሃያ አምስት ዓመት ወጣት ጀርመናዊ ወደ ሮማ መጣ። ስሙ ልክ እንደ እኛው ኢዮብ ነው። ወደ ሮማ የተላከው የስዊድን መንግሥት የሚፈልጋቸውን ጥንታዊ ወረቀቶች እንዲፈልግ ነበር። ወረቀቶቹን አላገኘም፤ በምትኩ በቅዱስ እስጢፋኖስ የሚኖሩ አራት ኢትዮጵያውያንን አገኘ። ይህ ወጣት በትውልድ ከተማው በኤርፉርት ገና ልጅ ሳለ ከመጽሐፍ ብቻ ግዕዝ ተምሮ ነበር። በዚያን ጊዜ በአውሮፓ የግዕዝ ትምህርት እጅግ ድኃ ነበር። ፖትከን የሚባለው ጀርመናዊ በ1513 መዝሙረ ዳዊትን በሮማ ሲያሳትም ቋንቋውን ከለዳዊ ነው ብሎት ነበር፤ ቬመርስ የተባለው መነኩሴ በ1638 ያሳተመው መዝገበ ቃላትም ቀጭን ነበር። ስለዚህ ሉዶልፍ ፊደሉን በዓይኑ እንጂ በጆሮው አያውቀውም ነበር። ጸ እና ጰ፣ ቀ እና ጠ ከሰው ጉሮሮ እንዴት እንደሚወጡ ከወረቀት ማወቅ አይቻልም። እንግሊዝኛን ከመጽሐፍ የተማርን እኛም ከባዕድ ሰው ፊት ስንቆም የሚደርስብንን እናውቀዋለን።

አባ ጎርጎርዮስ በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው ከሃምሳ አልፏል። (ስለ እሳቸው በአንቱታ፣ ስለ ሉዶልፍ ግን በእሱታ የምጽፈው በዕድሜያቸው ልክ ነው፤ ሉዶልፍ በኋላ ታላቅ ሊቅ ቢሆንም በዚያ ቀን ተማሪ ነበር።) ፖርቱጊዝኛውን ሉዶልፍ አያውቅም፤ ጀርመንኛውን አባ ጎርጎርዮስ አያውቁም። በግዕዝና በኢጣልያንኛ እየተደጋገፉ መግባባት ጀመሩ። በዕለት ኑሮ ማንም የማይነጋገርበት የቅዳሴና የመጽሐፍ ቋንቋ የሆነው ግዕዝ በሮማ ከተማ በአንድ የወሎ መነኩሴና በአንድ የኤርፉርት ወጣት መካከል የወሬ ቋንቋ ሆነ። ሉዶልፍ ወደ አገሩ ከተመለሰም በኋላ ደብዳቤ የሚጻጻፉት በግዕዝ ነበር።

ሉዶልፍ ከዚያ በኋላ በጎታ መስፍን በኤርነስት ቤት ሥራ ያዘ። መስፍኑ ስለ ሩቅ አገር ክርስቲያኖች ማወቅ የሚወድ ሰው ስለ ነበረ፣ አባ ጎርጎርዮስ ከሮማ ወደ ጎታ እንዲመጡ አስጠራቸው። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ ተነሥተው የአልፕስን ተራሮች ተሻግረው ጀርመን አገር ገቡ። ሠላሳ ዓመት የቆየው ታላቁ ጦርነት ካበቃ ገና አራት ዓመቱ ነበር፤ ብዙ መንደር ጠፍ እንደ ሆነ ነው። የስድሳ ዓመት ደጃፍ ላይ የደረሱ መነኩሴ ቃሉን በማያውቁት አገር፣ ቀለማቸውን አይቶ በማያውቅ ሕዝብ መካከል ሲያልፉ ዳቦና ማደሪያ በምን ቋንቋ እንደ ጠየቁ ሳስብ እቆያለሁ። አክስቴ ቤይሩት የገባች ቀን በአውሮፕላን ጣቢያ ከወንበር ላይ ሳትነሣ ስድስት ሰዓት እንደ ተቀመጠች ነግራኛለች፤ የምታውቀው የዐረብኛ ቃል ሁለት ብቻ ነበር።

በጎታ ያረፉት ገና በመሠራት ላይ በነበረው በፍሪደንስታይን ግንብ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ሉዶልፍ ጠያቂ፣ አባ ጎርጎርዮስ መላሽ ሆነው ሠሩ። ስለ ነገሥታቱ፣ ስለ ወንዞቹ፣ ስለ ዛፉና ስለ አውሬው፣ ስለ በዓላቱና ስለ ሕጉ ሁሉ ተጠየቁ። መስፍኑም ቀርቦ ያነጋግራቸው ነበር።

እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚገርመኝ የአማርኛው ሥራ ነው። አማርኛ በዚያን ጊዜ የሚነገር እንጂ እምብዛም የማይጻፍ ቋንቋ ነበር። ለነገሥታት ከተገጠሙት ጥንታዊ ግጥሞችና ከጥቂት የሃይማኖት ጽሑፎች በቀር የሚነበብ ነገር አልነበረም፤ ሰዋስውም መዝገበ ቃላትም አልነበረውም። አባ ጎርጎርዮስ መምህር አጠገባቸው ሳይኖር፣ ከራሳቸው አፍ የሚወጣውን ቋንቋ እንደ እንግዳ ቆመው ማየት ነበረባቸው። ውሃ በግዕዝ ማይ ነው፤ ውሻ ከልብ ነው። እዚህ ላይ ሁለቱ ቋንቋዎች ጭራሽ አይመሳሰሉም። ላህም ግን ላም ሆኗል፤ ርእየ አየ ሆኗል፤ ቤትና እሳት እንዳሉ ናቸው። የትኛው ቃል እንደ ተለወጠ፣ የትኛው ከሌላ እንደ መጣ፣ ግሡ በሴትና በወንድ፣ በአንዱና በብዙው እንዴት እንደሚረባ አንድ በአንድ መለየት ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ለማወቅ የፈለገ ሰው፣ እንደ እኔ አንድ ቀን ማታ አስጨረሰ የሚለውን ቃል ለባዕድ ሰው ለማስረዳት ይሞክር። እኔ ሁለት ገጽ ጽፌ ተውኩት።

በመስከረም፣ የጀርመን ብርድ ሳይጠና፣ አባ ጎርጎርዮስ ከጎታ ወጥተው ወደ ኢጣልያ ተመለሱ። ሁለቱ ሰዎች ከዚያ ወዲያ በአካል አልተገናኙም፤ ደብዳቤያቸው ግን አልተቋረጠም።

በ1658 አባ ጎርጎርዮስ ወደ ኢትዮጵያ ለመመለስ በመርከብ ተሳፈሩ። ዐፄ ፋሲል በዙፋን ላይ ነበሩ፤ ከኢየሱሳውያን ጋር የነበረ ሰው በጎንደር ምን እንደሚጠብቀው ለአባ ጎርጎርዮስ የሚነግር አያስፈልግም ነበር። ቢሆንም ሄዱ። መርከቡ እስክንድሮና በተባለው ወደብ አካባቢ ሰጠመና እሳቸውም በዚያው ሞቱ። ዕድሜያቸው ስድሳ ሦስት ገደማ ነበር።

ከሞቱ ሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1661፣ የሉዶልፍ የግዕዝ መዝገበ ቃላት በለንደን ታተመ። በ1663 መስፍኑ ቫንስሌብ የሚባል የሉዶልፍን ተማሪ ወደ ኢትዮጵያ ላከው፤ ሰውዬው ግን ከግብፅ አላለፈም። ሉዶልፍ ራሱ አገራችንን አንድ ቀን እንኳ ሳያይ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ በላቲን አሳተመ፤ መጽሐፉ በዓመቱ ወደ እንግሊዝኛ ተተረጐመ። በ1683 ካርታ አወጣ። የፈረንጅ ሊቃውንት ስለ አገራችን ብዙ ተረት ይጽፉ በነበረበት ዘመን ሉዶልፍ ከተረቱ የራቀው የአገሩን ሰው ጠይቆ ስለ ጻፈ ነው። በመጨረሻም በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና የአማርኛ መዝገበ ቃላት አሳተመ። አባ ጎርጎርዮስ ከሞቱ ልክ አርባ ዓመት ሆኗቸው ነበር። አማርኛ በዓለም ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በታተመ ሰዋስው የተጻፈው በዚህ ዓይነት ነው።

ሉዶልፍ ውለታውን አልደበቀም፤ የአባ ጎርጎርዮስን ስም ደጋግሞ አንሥቷል፣ ሥዕላቸውንም አሳትሟል። ይሁን እንጂ በመጽሐፉ ፊት ላይ ያለው ስም የእሱ ብቻ ነው። በጀርመን አገር በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናት ማዕከልም የሚጠራው በኢዮብ ሉዶልፍ ስም ነው። እኔ በየቀኑ በምመላለስበት ከቂርቆስ እስከ ካዛንቺስ ባለው መንገድ ግን የአባ ጎርጎርዮስ ስም የተጻፈበት ነገር አላየሁም። ካዛንቺስ የሚለው ስም ራሱ ኢጣልያንኛ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው የኢጣልያ ድርጅት ኢንቺስ ይባል ነበርና፣ የኢንቺስ ቤቶች ለማለት ካዛ ኢንቺስ ተባለ፤ የእኛ ሰው አፍ ደግሞ አንድ ቃል አደረገው። በ2024 የሰፈሩ ትልቅ ክፍል ፈርሶ ብዙ ጎረቤቶቻችን ወደ ከተማው ዳር ሲሄዱ ስሙ ብቻ ቀርቷል። ከዚያው አጠገብ በ1961 በተመረቀው በአፍሪካ አዳራሽ አስተርጓሚዎች በመስታወት ውስጥ ተቀምጠው ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው እየመለሱ ይናገራሉ፤ የእነሱንም ስም የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ይህን ጽሑፍ ከጨረስኩ በኋላ ለአክስቴ አነበብኩላት። ስለ ዐፄዎቹ ሳነብ ቡና ትቆላ ነበር። እስክንድሮና ላይ ስደርስ ግን መቁላቱን ተወች። ካርታ አምጥቼ ብዘረጋላት ጣቷን ቤይሩት ላይ አሳረፈችና በባሕሩ ጠርዝ ወደ ሰሜን ትንሽ ገፋ ብታደርገው እስክንድሮና ደረሰ። ያንን ባሕር ከአሠሪዎቿ ሰገነት ላይ ልብስ ስታሰጣ ዘጠኝ ዓመት ስታየው እንደ ኖረች፣ በክረምት ምን ያህል እንደሚቆጣም ነገረችኝ። ከዚያም አባ ጎርጎርዮስ በስተመጨረሻ ስንት ቋንቋ ያውቁ እንደ ነበር ጠየቀችኝ፤ አምስት ያህል ብዬ ቆጠርኩላት። ቡናው ማረሩን ያየነው ሁለታችንም ኋላ ነው።