ራስ አበበ አረጋይ እና የአርበኝነት ምልክት የሆነው ፎቶግራፋቸው

የአምስቱ ዓመት የአርበኝነት ተጋድሎ በተነሣ ቁጥር ከሚታወሱት ምስሎች መካከል የራስ አበበ አረጋይ ፎቶግራፍ አንዱ ነው። ጎፈሬያቸውና የጎለመሰ ጢማቸው በዱር በገደል ያሳለፉትን ዘመን ያለ ቃል ይናገራሉ። ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን አርበኛ ሲባል በዓይነ ኅሊናቸው የሚመጣው ይኸው መልክ ነው። ምስሉ ይህን ክብር ያገኘው በምን ምክንያት እንደሆነ ለመረዳት የባለቤቱን የሕይወት ታሪክ መመልከት ያስፈልጋል።

ራስ አበበ አረጋይ በ1890ዎቹ ዓ.ም. የተወለዱ ሲሆን፣ በእናታቸው በኩል የታዋቂው የጦር መሪ የራስ ጎበና ዳጬ የልጅ ልጅ ናቸው። የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ በባላምባራስነት ማዕረግ የከተማዋ ፖሊስ አዛዥ ነበሩ። ሥልጣናቸውን ለወራሪው አስረክበው በሰላም ለመኖር አልፈቀዱም። ተከታዮቻቸውን ይዘው ወደ ሸዋ ገጠር ወጡ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር አርበኞች ዋና ከተማዋን ለማስለቀቅ ባደረጉት የማጥቃት ሙከራም ተሳትፈዋል። ሙከራው ባይሳካም፣ ከዚያ በኋላ ለዓመታት በሰሜን ሸዋ ተራሮች ትግሉን መርተዋል።

በዚያ ዘመን ፎቶግራፍ የጦር መሣሪያ ያህል ያገለግል ነበር። ወራሪው ኃይል የተገደሉ አርበኞችን አንገት እየቆረጠ በአደባባይ ያሳይ፣ ፎቶግራፍም ያነሣ ነበር። በ1930 ዓ.ም. መጀመሪያ የተሠዉት የዋጉ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ የዚሁ ግፍ ሰለባ ሆነዋል። ዓላማው ምስሉን ያየ ሁሉ ተስፋ ቆርጦ እንዲገዛ ማድረግ ነበር።

ጄኔራል ናዚ ደግሞ ራስ አበበን በድርድር ለማስገባት ብዙ ደከመ። ድርድሩ ተራዘመ፤ በ1932 ዓ.ም. የመግቢያው ሥነ ሥርዓት ጭምር ተዘጋጀ፤ ይሁን እንጂ አርበኛው አልገቡም። ቢገቡ ኖሮ፣ በወራሪው ሹም ፊት እጅ ሲነሡ የሚያሳይ ምስል በየአገሩ መበተኑ አይቀርም ነበር። ያ ፎቶግራፍ ሳይነሣ መቅረቱ የኋላኛውን ፎቶግራፍ ትርጉም ሰጠው።

ለዚህ የተከፈለው ዋጋ ግን ከባድ ነው። በሚያዝያ ወር 1931 ዓ.ም. ከራስ አበበ ወገን የሆኑ ቁስለኞች፣ አረጋውያን፣ ሴቶችና ሕፃናት በሰሜን ሸዋ በዘረት፣ አመጸኛ ዋሻ በሚባለው ስፍራ ተጠልለው ሳሉ ተከበቡ። ፋሺስቶች ዋሻውን በመርዝ ጋዝ አጠቁ፤ እጃቸውን የሰጡትንም ወንዶች ረሸኑ። የእነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ ስማቸው እንኳ በታሪክ አልተመዘገበም።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ ሲገቡ፣ ከተማዋ ከተያዘችበት ዕለት ልክ አምስት ዓመት ሞላ። ራስ አበበም ጎፈሬያቸውን እንዳጎፈሩ ከአርበኞቻቸው ጋር ለድሉ በቁ። በድሉ ወቅት የተነሡት ምስሎች ቀድሞ በተሰቀሉት ራሶች ምስል ላይ የተሰጡ መልስ ሆኑ። ሕዝቡ ሊፈራባቸው የተነሡትን ፎቶግራፎች ሳይሆን ሊኮራባቸው የሚችሉትን ወደደ።

ራስ አበበ ከድሉ በኋላ የጦር ሚኒስትር፣ የትግራይ ጠቅላይ ገዥ እና የአገር ግዛት ሚኒስትር ሆነው አገልግለዋል። ከ1950 ዓ.ም. ጀምሮም የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሰብሳቢ ነበሩ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በተካሄደው የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ታግተው ከቆዩት ባለሥልጣናት ጋር ተገደሉ። አምስት ዓመት ሙሉ የወራሪ ጥይት ያልጣላቸው አርበኛ በወገን ጥይት ወደቁ።

ይሁንና በሕዝብ ትዝታ ውስጥ ጸንቶ የቀረው የሚኒስትርነት ዘመናቸው አይደለም። ፎቶግራፉ ከረጅሙ ሕይወታቸው አምስቱን ዓመት መርጦ ለትውልድ አስተላለፈ። በአርበኞችና በዓድዋ የድል በዓላት ጎፈሬ አድርገው አደባባይ የሚወጡ ዜጎችም ያንን መልክ በየዓመቱ ያድሱታል። በአንድ ሰው መልክ የሚታሰቡት ግን ብዙዎች ናቸው፦ ስንቅ ያቀበሉ እናቶች፣ ምሥጢር የጠበቁ የውስጥ አርበኞች፣ በዋሻው ያለቁት ቤተሰቦች።

ክቡራን ተገልጋዮች፣ በየቤታችሁ የሚገኝ የአርበኛ አያት ወይም ቅድመ አያት ፎቶግራፍም የዚሁ ታሪክ አካል ነው። የሰውየውን ስም፣ ምስሉ የተነሣበትን ቦታና ዘመን የሚያውቁ አረጋውያን በሕይወት ሳሉ ጠይቆ በጀርባው መጻፍ፣ ከእርጥበትና ከፀሐይ መጠበቅ ከእያንዳንዱ ቤተሰብ የሚጠበቅ ኃላፊነት ነው። ስም የሌለው ፎቶግራፍ ሁለት ትውልድ ካለፈ በኋላ የማን እንደሆነ የሚናገርለት አያገኝም።