አይዛክ ፒትማን፤ ተማሪዎቹን ሳያይ ያስተማረው መምህር

የርቀት ትምህርት ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው ራዲዮንና ሞጁልን፣ አሁን አሁን ደግሞ ኮምፒዩተርን ነው። ዛሬ ግን ገና እነዚህ ሁሉ ሳይኖሩ፣ በፖስታ ብቻ አገር ምድሩን ስላስተማረ አንድ መምህር ልናጫውታችሁ ተነሥተናል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

አይዛክ ፒትማን በ1813 በእንግሊዝ አገር ትሮውብሪጅ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ የጨርቅ ፋብሪካ ተቆጣጣሪ ነበር። ልጁ ጤናው ደካማ ስለ ነበረ በ12 ዓመቱ ገደማ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ፋብሪካ ውስጥ ጸሐፊ ሆነ። ከትምህርት ቤት ወጣ እንጂ ከመማር አልወጣም፤ ባገኘው ሰዓት ሁሉ ያነብ ነበር። ታዲያ አንድ ችግር ገጠመው። በመጽሐፍ ብቻ ያወቃቸው ብዙ ቃላት እንዴት እንደሚጠሩ አያውቅም። በእኛ ፊደል ለሚያነብ ሰው ይህ ችግር እንግዳ ነው፤ ከመጥበቅና ከመላላት በቀር የተጻፈውን እንዳለ መጥራት ነው። በእንግሊዝኛ ግን አጻጻፉ ሌላ፣ አጠራሩ ሌላ ነው። ስለዚህ ፒትማን የአጠራር መዝገበ ቃላት ይዞ ድምፆችን አንድ በአንድ ማጥናት ጀመረ።

በ1831 ሎንዶን ከተማ ቦሮ ሮድ ከሚገኘው የመምህራን ማሠልጠኛ ገባ። ሥልጠናው አምስት ወር ያህል ብቻ ነበር። የእኛ ሥልጠና አጠረ ብለን ለምናማርር ይህን ልብ ማለት ይበጀናል! በ1832 ባርተን በምትባል ትንሽ ከተማ ማስተማር ጀመረ፤ በ1836 ደግሞ ወደ ዎተን ተዛወረ። በዚያም የሃይማኖት ክፍሉን በመለወጡ ከሥራው ተሰናበተ። እሱ ግን አልተበገረም፤ እዚያው የራሱን ትምህርት ቤት ከፈተ። በዚሁ በ1837 ዓመት የአጭር ጽሕፈት ዘዴውን አሳተመ።

ዘዴው በፊደል አጻጻፍ ላይ ሳይሆን በድምፅ ላይ የቆመ ነው። ተቀራራቢ ድምፆች ተቀራራቢ መልክ አላቸው። ለምሳሌ «ፕ» ቀጭን ሰያፍ መስመር ነው፤ ያው መስመር ሲወፍር «ብ» ይሆናል። «ት» ቀጭን ቀጥ ያለ መስመር ነው፤ ሲወፍር «ድ» ይሆናል። አንዱን የተማረ ሌላውን በግማሽ ተማረው ማለት ነው።

ፒትማን በ1839 ወደ ባዝ ከተማ ሄደ። በጥር 1840 እንግሊዝ የፖስታ ሕጓን ለወጠች። ቀድሞ የደብዳቤ ዋጋ በርቀቱና በወረቀቱ ብዛት ይተመን ነበር፤ ብዙውን ጊዜም የሚከፍለው ተቀባዩ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ቀላል ደብዳቤ የትም የአገሪቱ ክፍል በአንድ ፔኒ ይደርስ ጀመር። ፒትማን ይህን አይቶ ዘዴውን በሙሉ በፖስታ በሚላክ አንድ ወረቀት ላይ አሳጥሮ አተመ።

ዋናው ቁም ነገር ግን ወረቀቱ አይደለም። ወረቀት ማንም ይልካል። ተማሪው ከመጽሐፍ ቅዱስ አጭር ክፍል መርጦ በአጭር ጽሕፈት ይገለብጥና ይልካል፤ ፒትማን ያርምና ይመልሳል። ለእርማቱ ክፍያ አልጠየቀም። ተማሪው ሲበዛበት በ1843 ማኅበር ተቋቋመ፤ ዘዴውን ቀድመው ያወቁ አባላት የጀማሪዎቹን ልምምድ በነፃ ያርሙ ጀመር።

ሁሉም ነገር ተሳካለት ማለታችን አይደለም። የእንግሊዝኛን አጻጻፍ ለማሻሻል በርካታ ዓመታት ደከመ፤ ሕዝቡ ግን አልተቀበለውም። አጭር ጽሕፈቱ ግን ባሕር ተሻገረ፤ ወንድሙ ቤን በ1852 ወደ አሜሪካ ወሰደው። በ1894 ንግሥት ቪክቶሪያ የሰር ማዕረግ ሰጡት። በጥር 1897 በ84 ዓመቱ በባዝ ከተማ ዐረፈ።

ይህን ሁሉ ያነሣነው በከንቱ አይደለም። ዛሬ በርቀት ከሚሰጡት ትምህርቶች አንዱ የኮምፒዩተር ስክሪን አነዳደፍ ነው። በ1981 ዜሮክስ ስታር የተባለው ኮምፒዩተር ለገበያ ሲቀርብ፣ ስክሪኑ ላይ ሰነዱ፣ ማኅደሩና ማተሚያው በትናንሽ ሥዕሎች እንደ ዕቃ ተደርድረው ነበር። ተጠቃሚው መጀመሪያ ዕቃውን ይመርጣል፤ ከዚያ አንሣ፣ ገልብጥ፣ ሰርዝ ብሎ ያዛል። ትእዛዙ ለሁሉም ያው ነው፤ አንዱን የለመደ ሌላውን አያጣውም። የፒትማን «ፕ» እና «ብ» ማለት እኮ ይኸው ነው።

ታዲያ ይህን ሙያ በርቀት የሚማር ሰው የነደፈው ስክሪን ለራሱ ሁልጊዜ ግልጽ ነው፤ የሠራው እሱ ነዋ! የት ላይ እንደሚያደናግር የሚነግረው ሌላ ዓይን ያስፈልገዋል። ሥራው ታርሞ ካልተመለሰለት፣ የሚቀርለት የቃላት ፍቺ ብቻ ነው።

እስቲ ወደ ራሳችን እንመለስ። በማስተማር ልምምድ ላይ ሳለን ደብተር ሰብስበን፣ ሳናነብ «ታይቷል» ብለን ፈርመን የመለስን ከመካከላችን የለንም? ተማሪው ሦስት ሜትር ርቆ ተቀምጦ፣ እኛ ግን ከፒትማን ይልቅ ርቀን ነበር። ርቀቱን የሚያጠበው ቀዩ እስክርቢቶ ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ደብተር ስንሰበስብ ይህን አንርሳ።